ደሙ አንድ ነው፤ ጥፋቱ ግን ይለያያል

(ንባባት፦ ዘኍልቍ 35፥9-34፤ ዘዳግም 19፥1-13፤ ማቴዎስ 5፥21-26)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ አረጋዊ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ልጆቹን አሰናብተው ወደ እኔ መጡና፣ «አባ፣ አሥሩን ትእዛዛት እያስተማርሁ አምስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ነገር ግን አንዱ ልጅ በጣቱ ወደ አጥሩ ውጭ እያመለከተ፣ ‹ያ ሰውዬም ይህን ትእዛዝ አፍርሷል ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?» አሉኝ።

ልጁ ያመለከተው ሰው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ሊመሽ ሲል ቁልቁለቱን በዝግታ እየወረደ ሳለ ፍየል ያባርር የነበረ አንድ ሕፃን ከቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት ወጥቶ ከጎማው ሥር ገባ። ሰውየው አልጠጣም፤ አልፈጠነም፤ አልሸሸም። ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደ፤ ነፍሱ መውጣቷን ሲያውቅም በራሱ እግር ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። ነገሩ ተመረመረ፤ ጥፋት አልተገኘበትምና ተለቀቀ። መንደሩ ግን አልለቀቀውም። «ነፍሰ ገዳይ» የሚል ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጦ ነው።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከፊተኛው ወንበር ላይ፣ በድንበር ጠብ ምክንያት ጎረቤቱን ሌሊት አድብቶ የገደለ፣ ቅጣቱን ፈጽሞና በሽማግሌ ታርቆ የተመለሰ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ንስሐ የገባ ሰው ከፊት መቀመጡ ደስ ሊያሰኘን የሚገባ ነው። ነገር ግን ያልበደለው ውጭ ሲቀር ያየ ልጅ፣ መምህሩን መጠየቁ ተገቢ አልነበረምን? እኔም የምናዘዘው ጥፋት አለኝ፤ ያን ሾፌር ከዋርካው ሥር ተቀምጦ እያየሁ ለሦስት እሑዶች በዝምታ አልፌዋለሁ። ጊዜ ይፈታዋል ብዬ ነበር። አሁን ይህን የምጽፈው የእርሱንና የሟቹን ሕፃን ቤተሰብ ፈቃድ ጠይቄ፣ ስማቸውንና ቦታውንም ሰውሬ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የሰው ነፍስ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ክቡር ከሆነች፣ የሟችም ደም በማናቸውም መንገድ ቢፈስ ያው ደም ከሆነ፣ ሕግ ገዳይን ከገዳይ የሚለየው ስለ ምንድን ነው?

በመማፀኛው ከተማ በር

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የመለሰው የሰው ሕግ አይደለም። እግዚአብሔር ራሱ በሙሴ በኩል ለእስራኤል ሕዝብ ስድስት የመማፀኛ ከተሞች እንዲለዩ አዘዘ፤ ከዮርዳኖስ በስተ ምሥራቅ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን፤ በስተ ምዕራብም ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን ናቸው። በዘመኑ የሟች የቅርብ ዘመድ የደም ተበቃይ ሆኖ ገዳዩን እስኪያገኝ ያሳድድ ነበር። የተበቃይ ልብ ደግሞ በቁጣ የነደደ ነውና ለመመርመር ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሕጉ በቁጣውና በፍርዱ መካከል የከተማ በር አቆመ። ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ እንዲዘጋጅ ታዘዘ (ዘዳ 19፥3)፤ የሚሸሸው ሰው ርቀቱ ጠንቶበት ሳይደርስ እንዳይገደል ነው። ይህ በር ለእስራኤላዊ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ለሚኖር መጻተኛም የተከፈተ ነበር።

ወደ ከተማይቱ የሸሸው ሰው ግን በሩን ስላለፈ ብቻ ነጻ አይወጣም። በበሩ ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች ይናገራል (ኢያሱ 20፥4)፤ ከዚያም በማኅበሩ ፊት ይመረመራል። የምርመራውም መስፈርት በዘኍልቍ መጽሐፍ ምዕራፍ 35 ላይ በዝርዝር ተቀምጧል። በምን መታው? ሰው ሊገድል በሚችል ብረት፣ ድንጋይ ወይስ እንጨት? አስቀድሞ ይጠላው ነበርን? አድብቶ ጠበቀውን? ወይስ ጠላትነት ሳይኖራቸው፣ ሳያየውም፣ ድንጋዩ ከእጁ አመለጠው? በዘዳግም 19 ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው የገጠር ሥራ ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ወደ ዱር ይሄዳሉ፤ አንዱ ምሣሩን ሲያነሣ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። የፈሰሰው ደም አድብቶ ከሚገድል ሰው እጅ እንደሚፈሰው ያለ ደም ነው። ልብ ውስጥ የነበረው ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ስለዚህ ፍርዱም ይለያል።

በዚያ ሕግ ሌሎች ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ አውቆ የገደለ ሰው መሠዊያውን ቢይዝ እንኳ መሠዊያው አያድነውም (ዘፀ 21፥14)፤ የቤተ መቅደስ ጥግ የግፍ መሸሸጊያ አይሆንምና። ሁለተኛ፣ በአንድ ምስክር ብቻ ሞት አይፈረድም፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ ፍርድ መጣደፍ የለበትም። ሦስተኛ፣ ለነፍሰ ገዳይ ሕይወት ቤዛ የሚሆን ገንዘብ መቀበል ተከልክሏል። ይህ የመጨረሻው ድሀውን የሚጠብቅ ነው። ደም በገንዘብ የሚታጠብ ቢሆን ኖሮ ለባለጸጋ መግደል ውድ ዕቃ እንደመግዛት ይሆን ነበር።

ሳይፈልግ የገደለውም ቢሆን በማግስቱ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በመማፀኛው ከተማ ይቆያል። ሕጉ ይህን ሰው በደለኛ ብሎ አልፈረደበትም፤ ነገር ግን «ምንም አልሆነም» ብሎም አልሸኘውም። የሰው ደም በድንገት ቢፈስ እንኳ ምድርን ከባድ ዝምታ ውስጥ የሚከት ነገር ነው። እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ስለ ሊቀ ካህናቱ ሞት ስናነብ ልባችን ወደ ቀራንዮ መሄዱ አይቀርም። እውነተኛው ሊቀ ካህናት ክርስቶስ ስለሞተ፣ በስደት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ተከፍቷል።

የሀገራችን ሕግ እንዴት ይለያል?

በሀገራችን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት፣ ኢብን አል-አሣል የተባለ ግብፃዊ ክርስቲያን ሊቅ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ካጠናቀረው መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተተረጎመ ነው። እርሱም ፈቅዶ የገደለን ሳይፈቅድ ከገደለ ይለያል። ከዚያ በኋላ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ እርሱንም የተካው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህንኑ ልዩነት በየአንቀጹ ዘርዝረውታል። መምህራን ሕጉን እንደ ዳኛ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ አጥንቱን ማወቅ ግን ይጠቅማችኋል። እኔም በየደረጃው ከቅዱስ መጽሐፍ አንድ አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ከባድ የሰው ግድያ ነው (አንቀጽ 539)። ገዳዩ አስቀድሞ ያሰበበት መንገድ፣ የተነሣበት ምክንያት፣ የተጠቀመበት መሣሪያ ወይም አፈጻጸሙ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን ሲያሳይ፤ ለመግደል ወይም ለመዝረፍ ከተደራጀ ቡድን ጋር ሆኖ ሲገድል፤ ወይም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም አልያም የተፈጸመውን ለመሸፈን ሲገድል ነው። ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው። የዚህ ምሳሌው ንጉሥ ዳዊት ነው (2ኛ ሳሙ 11)። ከኦርዮ ሚስት ጋር የሠራውን ኃጢአት ለመሸፈን ኦርዮን በጦር ግንባር እንዲያስገድሉት ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤውንም ያስያዘው ለራሱ ለኦርዮ ነው። ሰይፉን የመዘዙት አሞናውያን ናቸው። ነቢዩ ናታን ግን ጣቱን የቀሰረው ወደ ዳዊት ነበር። በእግዚአብሔርም በሕግም ፊት እጁን በደም ያልነከረ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

ሁለተኛው ተራ የሰው ግድያ የሚባለው ነው (አንቀጽ 540)። «ተራ» የሚለው ቃል ጆሮን ይቆረቁራል፤ የትኛው የሰው ሞት ነው ተራ የሚሆነው? ነገር ግን ሕጉ ሟቹን አይደለም ተራ ያለው። ግድያው ታስቦ የተፈጸመ ሆኖ፣ የሚያከብደውም የሚያቀልለውም የተለየ ሁኔታ ያልተገኘበት ነው ማለቱ ነው። ቅጣቱ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው።

ሦስተኛው ቀለል ያለው ግድያ ነው (አንቀጽ 541)። ይኸውም ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሲከላከል ከሚገባው ወሰን ሲያልፍ፣ ወይም ከባድ በሆነ ማነሣሣት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ፣ ሁኔታው በመጠኑ ይቅር ሊያሰኘው በሚችል ብርቱ ስሜት ተገፍቶ ሲገድል ነው። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ነው። በኦሪት ዘፀአት 22፥2-3 ላይ ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት የመታው የደም ዕዳ እንደሌለበት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ እንዳለበት ተጽፏል። በጨለማ የመጣው ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም፤ በብርሃን ግን መጮህም፣ ሰው መጥራትም፣ መያዝም ይቻላል። በወሰኑ ውስጥ የተፈጸመ ሕጋዊ መከላከል አያስቀጣም፤ ወሰኑ ሲታለፍ ግን ሕግ ይጠይቃል።

አራተኛው በቸልተኝነት ሰውን መግደል ነው (አንቀጽ 543)። እዚህ ላይ የመግደል ሐሳብ የለም፤ የጎደለው ጥንቃቄ ነው። ቅጣቱ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። የሰውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት፣ ለምሳሌ ሐኪም ወይም ሾፌር ሲሆን፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራትና መቀጮ ይሆናል። ደንብን ሆነ ብሎ በመጣስ፣ ወይም በመጠጥና በአደንዛዥ ነገር ራሱን አስቶ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች እንዲሞቱ በማድረግ ከሆነ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራትና መቀጮ ይከተለዋል። ኦሪትም ይህን ያውቃል። ተዋጊ በሬ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው፤ በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳያስረው ቀርቶ ከሆነ ግን ይጠየቃል (ዘፀ 21፥28-29)። አዲስ ቤት የሚሠራም ሰው እንዳይወድቅበት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል (ዘዳ 22፥8)። ፍሬኑ የላላ መኪና ይዞ ሰው የሚጭን፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ብሂል ዘንግቶ ሥራውን በጥድፊያ የሚሠራ ሁሉ፣ ያ ተዋጊ በሬ የእርሱ መሆኑን ይወቅ።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነው ደግሞ ያለ ማሰብና ያለ ቸልተኝነት በድንገት የሚደርስ አደጋ ነው። ይህ ወንጀል አይደለም። የምሣሩ ብረት የወለቀበት ሰው ጉዳይ ይህ ነው፤ ከዋርካው ሥር የተቀመጠው ሾፌራችንም ጉዳይ ይኸው ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሚዛን

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በምታስተምረው የግብረ ገብ ትምህርት አንድ ሥራ መልካም ወይም ክፉ መሆኑ በሦስት ነገሮች ይመዘናል፤ በሥራው ምንነት፣ በሠሪው ሐሳብ፣ ሥራው በተፈጸመበት ሁኔታ። ኃጢአት የሞት ኃጢአት እንዲሆንም ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ ነገሩ ከባድ መሆን፣ ሙሉ ዕውቀት መኖር፣ በፈቃድ መቀበል። ንጹሕ ሰውን አስቦ መግደል ምን ጊዜም፣ በምንም ምክንያት፣ ለማንም አይፈቀድም። ነገር ግን ዕውቀትና ፈቃድ በሌለበት የሰውን ሞት ያስከተለ ሰው፣ ሐዘን እንጂ ኃጢአት አልተቈጠረበትም።

ሆኖም «አስቤ አይደለም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ መሸሸጊያ አይሆንም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2269 ላይ፣ ሰውን ለመግደል ባያስብም ያለ በቂ ምክንያት ሞት ሊያስከትል የሚችል ነገር ያደረገ ሰው ከከባድ ጥፋት ነጻ እንደማይሆን ያስተምራል። በቁጥር 2290 ደግሞ በስካር ወይም ፍጥነትን ከልክ በላይ በመውደድ የራሱንና የሌላውን ሕይወት በመንገድ ላይ ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው በከባድ እንደሚበድል ይናገራል። ልብ በሉ፤ በደሉ የሚጀምረው ሰው ሲሞት አይደለም። ሰክሮ መሪ የጨበጠ ሾፌር ማንንም ሳይገጭ ቤቱ ቢገባ በሕሊናው ፊት በደለኛ ነው፤ ንስሐም ያስፈልገዋል። ፍርድ ቤት ላያገኘው ይችላል፤ እግዚአብሔር ግን አይቶታል።

ራስን ስለ መከላከልም ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ አንድ ሥራ አንዱ የታሰበ ሌላው ያልታሰበ ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል አስረድቷል። ራሱን የሚከላከል ሰው የሚያስበው ሕይወቱን ማዳን እንጂ አጥቂውን መግደል አይደለም፤ ነገር ግን ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ቢጠቀም ተገቢ አይሆንም። የሕጉ ወሰንና የሊቁ ወሰን በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ እናያለን፤ ሁለቱም የሰውን ሐሳብ ይመረምራሉና።

በአንድ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከብዙ ሀገሮች ሕግ አልፋ ትሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የትምህርተ ክርስቶሱን ቁጥር 2267 በማሻሻል፣ የሞት ቅጣት የሰውን ክብር የሚነካ በመሆኑ ተቀባይነት እንደሌለው አስታውቀዋል። ከሁሉ የከፋውን ደረጃ የፈጸመ ሰው እንኳ ሰውነቱን አላጣም። እግዚአብሔር ወንድሙን በሜዳ የገደለውን ቃየልን ቀጣው፤ ነገር ግን ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት (ዘፍ 4፥15)። የጥፋትን ደረጃ መለየት ከባዱን ለማቃለል አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ለመስጠት ነው። ከባዱ በደለኛ ደግሞ የሚገባው ቅጣትም፣ የንስሐ ጊዜም ነው።

ልዩነቱን ስናጠፋ የሚሆነው

በአንዳንድ አካባቢዎቻችን ደም መመለስ እስከ ዛሬ ቤቶችን ያፈርሳል። ደም መላሹ ደረጃ አያውቅም። «እንዴት ሞተ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ከማን ወገን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ገዳዩን ቢያጣ ወንድሙን፣ ወንድሙን ቢያጣ የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። «በደረቅ ምክንያት እርጥብ ይቃጠላል» ማለት ይህ ነው። ትናንት በቁጣ የተፈጸመውን ግድያ ዛሬ ተረጋግቶ፣ አድብቶ፣ መሣሪያ መርጦ የሚበቀል ሰው፣ ሟቹን ያከበረ ቢመስለውም ከመጀመሪያው ገዳይ የከፋ ጥፋት ሠርቷል። በእሳት ዳር ተቀምጦ «ወንድ የለበትም ወይ ያ ቤት?» እያለ ወጣቱን የሚወጋ ሽማግሌ፣ ልጇን «የአባትህ ደም» እያለች የምታሳድግ እናት፣ እነርሱም ከዳዊት ደብዳቤ የተለየ ነገር አልጻፉም። አነሣሽን የሀገሩ ሕግም ይቀጣዋል።

ሽማግሌዎቻችን ደም ለማድረቅ የሚደክሙት ድካም ብፁዕ ነው፤ አስታራቂዎች የእግዚአብሔር ልጆች ተብለዋልና። ነገር ግን ዕርቅ የፍርድ ቤትን ምርመራ የሚተካ፣ ካሣውም የሟችን ነፍስ ዋጋ የሚተምን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ካሣ ላዘነ ቤተሰብ ድጋፍ ነው፤ የነፍስ ዋጋ ግን አይደለም። እውነቱ ሳይነገር የታረቀ ደም የደረቀ ይመስላል እንጂ አይደርቅም።

እዚህ ላይ ጌታችን በተራራው ስብከት ወደ ተናገረው እንመጣለን። የሰው ሕግ የሚነሣው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ኢየሱስ ግን የመግደልን ትእዛዝ ከሥሩ ያዘው፤ በወንድሙ ላይ የሚቆጣ፣ ወንድሙን የሚሳደብና የሚያንቋሽሽ ለፍርድ የተገባ መሆኑን አስተማረ። እርሱም ደረጃ በደረጃ ነው የተናገረው፤ ቁጣ፣ ስድብ፣ ንቀት፣ እያንዳንዱም ከፍ ያለ ፍርድ ያስከትላል። ከዚያም መባህን ይዘህ መሠዊያ ላይ ከደረስህ በኋላ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር እንዳለ ብታስታውስ፣ መባህን ትተህ ቀድመህ ታረቅ አለ።

ስለዚህ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሕሊናችንን እንመርምር። «እኔ እኮ ሰው አልገደልሁም» የምንለው ብዙዎች ነን። ነገር ግን ፍርድ ቤት መርምሮ ነጻ ያደረገውን ሰው እኛ በአንድ ቃል መልሰን አስረነዋል። በገበያ ሲያልፍ ዝም እንላለን፤ ሚስቱ ከምንጭ ስትመለስ እናንሾካሹካለን፤ ልጁን ከልጆቻችን እንለያለን። የጥንቱ የእስራኤል ሽማግሌዎች በከተማቸው በር የመጣውን ሰው ነገሩን ሰምተው ያስገቡት ነበር። እኛ ግን የክርስቶስ ቤት በር ተከፍቶ ሳለ አንድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ እንዲቀር አደረግን። የማን ጥፋት ነው ታዲያ የሚመዘነው?

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ

በመጨረሻ ለእናንተ ለመምህራን አራት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ አምስተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ ልጆቹ ሥራን ከሐሳብ ጋር እንዲመዝኑ አለማምዷቸው። የምሣሩን ምሳሌ፣ የተዋጊውን በሬና የዳዊትን ደብዳቤ ንገሯቸው፤ ልዩነቱንም ራሳቸው እንዲናገሩ ጠይቋቸው። በጸጥታ የሚያስብ ልጅ ነገ በችኮላ አይፈርድም።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ያልተሰጠበትን ሰው «ገዳይ» ብላችሁ አትጥሩ፤ ሌላውም ሲጠራ አርሙ። የተፈረደበትንም ቢሆን ጥፋቱን የስሙ ምትክ አታድርጉበት። ጌታ በመጨረሻው ቀን ታስሬ ጠይቃችሁኛል ወይ ብሎ የሚጠይቀን ስለ ንጹሐን እስረኞች ብቻ አይደለም (ማቴ 25)።

ሦስተኛ፣ ሳይፈልግ የሰው ሞት ምክንያት የሆነ ሰው በመካከላችሁ ቢኖር፣ «ጥፋት የለብህም፤ እርሳው» ብላችሁ አትለፉት። አይረሳውም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣውን ያውቃል። ሐዘንና ጥፋት የተለያዩ መሆናቸውን በትዕግሥት አስረዱት፤ ከእርሱ ጋር ተቀመጡ፤ ወደ ካህኑም አምጡት። ጥንቃቄ ጎድሎት እንደሆነ በምስጢረ ንስሐ ፊት በእውነት ይናገር፤ ካልጎደለውም ያልሠራውን ኃጢአት እንዳይሸከም ካህኑ ይርዳው።

አራተኛ፣ የሟችን ቤተሰብ አትርሱ። የሕግ ደረጃ ለእናት ዕንባ ደረጃ አያወጣለትም። «አደጋ ነው» የሚለው ቃል ለዳኛ በቂ ነው፤ ለእናት ግን በቂ አይደለም። የለቅሶው ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ያኔ ነው ወደ ቤቷ መሄድ ያለባችሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ለአረጋዊው መምህር የሰጠኋቸው መልስ፣ «ለልጁ አይደለም፣ አላፈረሰም ብለው ይንገሩት። እኛ ግን በእርሱ ላይ ሳናፈርስ አልቀረንም» የሚል ነበር። እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩና፣ «እንግዲያስ አባ፣ ለልጁ መልሱን በቃል ከምነግረው ተነሥተን ብናሳየው አይሻልም?» አሉኝ።

በተከታዩ ሳምንት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ሕፃኑ ወላጆች ሄድን። አባትየው ብዙ አልተናገሩም። እናትየዋ ግን፣ «እኔ በእርሱ ላይ ቂም የለኝም። ልጄን ታቅፎት እንደሮጠ ነግረውኛል። ግን እርሱን ሳየው ልጄን አያለሁ፤ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ» አለች። ይህ ቃል እውነተኛ ነውና አከበርነው። ሾፌሩ አሁንም ከዋርካው ሥር ነው። ነገር ግን ብቻውን አይደለም፤ ከዚያ እሑድ ጀምሮ አረጋዊው መምህር በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው ከአጠገቡ ያስቀድሳሉ። እኔም ቅዱስ ቁርባን ሳቀብል ከአጥሩ ውጭ እወጣለሁ። እናትየዋ ጊዜዋን ስትጨርስ፣ በሩ በየትኛው ወገን እንደሚከፈት እግዚአብሔር ያውቃል።

እናንተም በየቁምስናችሁ አጥር ዙሪያ ተመልከቱ፤ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም።

ፍርድን ከምሕረት ጋር አስተባብሮ የያዘ፣ የልብን ሐሳብ የሚመረምር አምላክ፣ ለዳኞቻችን ማስተዋልን፣ ለሽማግሌዎቻችን እውነትን፣ ለበደሉት ንስሐን፣ ላዘኑት መጽናናትን፣ ለሁላችንም ከመፍረዳችን በፊት የመመርመርን ትዕግሥት ያድለን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን።

ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።